የመጀመሪያ ህትመቴን ገዛሁ፤ ግን «ኦሪጅናል» የሚባለው የቱ ነው?

የዝናብ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓን የመልክዓ ምድር የእንጨት ህትመቶችን ሁለት ዓመት ሙሉ በስክሪን ብቻ ሳይ ኖሬ ባለፈው ወር የመጀመሪያዬን ገዛሁ። የካዋሴ ሃሱይ «የማጎሜ ጨረቃ» ነው። ላላያችሁት፦ ምሽት ነው፣ ረጃጅም ጥዶች ቆመዋል፣ ከጥዶቹ ጀርባ ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች፣ ከሥር አንድ ቤት አለ፣ መስኮቱ ላይ ትንሽዬ ቢጫ መብራት በርታለች። ሰው አይታይም። ግን ያቺን መብራት ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ሻጩ «ኦሪጅናል፣ 1930» ብሎ ነበር የጻፈው። ደስ ብሎኝ ፎቶውን ለአንድ የማውቀው ሰብሳቢ ላክሁለት። «ይሄ እኮ በኋላ የታተመ ነው፣ ኦሪጅናል አይደለም፣ ተበልተሻል» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ገንዘቡም ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ከገንዘቡ በላይ ግን የምወደውን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ጥርጣሬ እየቀደመኝ ተቸገርኩ።

እባካችሁ እህታችሁን እርዱኝ። ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት ነው? በምን ላረጋግጥ? ደግሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ መስኮት አለ። ችግር አለው?


ባረን፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ጥሩ ዓይን አለሽ። መጀመሪያ ተረጋጊ።

ያስጨነቀሽ ቃሉ ነው። «ኦሪጅናል» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ሸራ፣ አንድ ሰዓሊ፣ አንድ ሥዕል ነው። የጃፓን የእንጨት ህትመት እንደዚያ አልተሠራም። አሳታሚው ገንዘቡን አውጥቶ ሥራውን ያዝዛል፣ ሰዓሊው ይነድፋል፣ ጠራቢው እንጨቱን ይጠርባል፣ አታሚው ቀለሙን ይቀባና ያትማል። አራት ሰው ነው። በድሮው አሠራር ንድፉ ራሱ በስስ ወረቀት ይሠራና በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይለጠፋል፤ ጠራቢው ወረቀቱን አብሮ እየቆረጠ ነው መስመሩን የሚያወጣው። ስለዚህ የመጀመሪያው ንድፍ እዚያው ይጠፋል። የሚቀረው ህትመቱ ነው፣ እሱም በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። በኤዶ ዘመን (ከ1868 በፊት በነበረው የጃፓን ዘመን፤ ኤዶ የቶኪዮ የድሮ ስሟ ነው) አንዱ የሚሸጠው ከአንድ ሳህን ሶባ፣ ማለትም የጃፓን ፓስታ፣ ብዙም በማይርቅ ዋጋ ነበር። የዚያ ዘመን ዝነኛ ሰዓሊ የሆኩሳይ «ሠላሳ ስድስት የፉጂ ተራራ እይታዎች» ገበያው ስለቀናው አሳታሚው አሥር አስጨምሮ 46 አድርሶታል። ተፈላጊ ከሆነ ሰሌዳው እስኪያልቅ ይታተማል፤ ሥራው እንደዚያ ነበር።

የሃሱይ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሃሱይ (1883–1957፣ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አብዛኛውን ሥራውን የሠራው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ከሚባል የቶኪዮ አሳታሚ ጋር ነው። ዋታናቤ የድሮውን የሥራ ክፍፍል ይዞ አዲስ ሥዕል ማሳተም የፈለገ ሰው ነበር፤ «ሺን ሃንጋ» የሚባለው ይሄ ነው፣ ትርጉሙም አዲስ ህትመት። ሃሱይ በ1918 የኢቶ ሺንሱይን የቢዋ ሐይቅ ህትመቶች አይቶ ልቡ ተነካ፣ እሱም ጀመረ። ከዚያ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 የካንቶ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። የዋታናቤ ሱቅ ከነሰሌዳው፣ ከነክምችቱ ተቃጠለ። የሃሱይም የንድፍ ደብተሮች አብረው ጠፉ። ከዚያ በፊት የታተሙት ዛሬ ውድ የሆኑበት ምክንያት ይህ ነው።

ያንቺ «ማጎሜ» ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ከተሠራው «ሃያ የቶኪዮ እይታዎች» ከሚለው ስብስብ ነው፣ ንድፉም በእርግጥ የ1930 ነው። ሻጩ ስለ ንድፉ ዓመት እውነቱን ተናግሯል። ያንቺ ቅጠል (በእጅሽ ያለው ነጠላ ወረቀት) የታተመው መቼ ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ የሱን መልስ ማኅተሙ ላይ ፈልጊው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተሙት የዋታናቤ ህትመቶች አብዛኛውን ጊዜ ህዳጉ ላይ አራት ማዕዘን ረዘም ያለ ማኅተም አላቸው፤ የአሳታሚው ስም ያለበትና ማባዛት ክልክል ነው የሚል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሃሱይ እስኪሞት ድረስ የታተሙት ሥዕሉ ውስጥ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ማኅተም ይኖራቸዋል፣ ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር ነች። ሰብሳቢዎች «ስድስት ሚሊዋ» ይሏታል። ማስመሪያ አውጪና ለኪያት፣ ከዚያ ንገሪን።


ሰማያዊ ቀለም፦

ባረን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገልብጪው!

እውነቴን ነው። ሁላችንም ፊቱን ነው የምናየው፣ ጀርባው ግን አይዋሽም። አታሚው ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ካነጠፈ በኋላ በባረን ነው የሚያሸው፤ ባረን ማለት በቀርከሃ ልጣጭ የተሸፈነ ክብ የእጅ መሣሪያ ነው። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጀርባው ላይም ክብ ክብ እያለ የሚዞር የእጅ ምልክት ይተዋል። የማታው ሰማይ ከጀርባ በኩል በደብዛዛው መታየት አለበት። ወረቀቱም ከኮዞ ዛፍ ቅርፊት የሚሠራ ዋሺ የሚባል የጃፓን ወረቀት ስለሆነ ወደ መብራት ስታነሽው ረጃጅም ቃጫዎቹ ይታያሉ። ጀርባው ነጭ፣ ለስላሳና ምንም ያልነካው ከሆነ ያኔ ስጊ።

ሁለተኛ በአጉሊ መነጽር እይው። በማሽን የታተመ ከሆነ ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተገነባ ነው። በእንጨት የታተመ ነጠብጣብ የለውም፤ ቀለሙ ወጥ ነው፣ አንዳንዴም የእንጨቱ ደም ሥር ይወጣበታል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን አንድ የሂሮሺጌ (እሱም እንደ ሆኩሳይ የኤዶ ዘመን ሰዓሊ ነው) የዝናብ ሥዕል ከአንድ ሻጭ ገዝቼ ሦስት ወር ካደነቅሁት በኋላ ነው አጉሊ መነጽር አንስቼ ያየሁት። ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነበር። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልገለብጥና በመነጽር ሳላይ አልገዛም፤ በኢንተርኔት ከሆነም የጀርባውን ፎቶ ሳልጠይቅ አልከፍልም። የጀርባ ፎቶ ለመላክ የሚያንገራግር ሻጭ ካለ ትቼው እሄዳለሁ።

ደግሞ «ቀለሙ ደማቅ የሆነ ሁሉ ቀድሞ የታተመ ነው» የሚሉሽን አትስሚ። የሆኩሳይን ቀይ ፉጂ ታውቂዋለሽ፣ ተራራው እንደ ጡብ የቀላበት። ቀድመው ከታተሙት ውስጥ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሐመር ናቸው፣ «ሮዝ ፉጂ» ይሏቸዋል፣ ሰማያቸውም ሳሳ ያለ ነው። ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ ተራራውን ዳሰስ ሲያደርገው ማለት ነው። ያ ድምቀት በኋላ የመጣ ነው። ቀድሞ መታተሙን የሚነግርሽ መስመሩ ነው፦ ሰሌዳው አዲስ ሲሆን መስመሩ እንደ ምላጭ ስለት ነው፣ ሺህ ጊዜ ሲታተም ይደንዛል፣ ይሰበራል። በሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» ላይ አዋቂዎች ቶሎ ብለው የሚያዩት ርዕሱ የተጻፈበትን ሳጥን ነው፤ ቀድሞ በታተመው የሳጥኑ መስመር ሙሉ ነው፣ በኋላ በታተመው የተቆራረጠ ነው። ከጀርባ ያለው የሰማዩ ደመናም በብዙዎቹ ላይ ወይቦ ጠፍቷል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዱ ቅጠል በጨረታ 2.76 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ ሰው ሁሉ ገረመው፤ መስመሩንና ደመናውን እያየ ለሚገዛ ሰው ግን ልዩነቱ የሚገባ ነው።


የዝናብ ልጅ፦

ባረን፣ ሰማያዊ ቀለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ነው ሥራ የጨረስኩት።

ለካሁት። ክብ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ልክ 6 ሚሊ ሜትር። ህዳጉ ላይ አራት ማዕዘን ማኅተም የለም።

ከዚያ ገለበጥኩት። የላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ቦታ ከኋላው ካርቶን ጋር በፕላስተር ተይዟል፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ከሥር ነው ያነሳሁት። ክብ ምልክቶቹ አሉ! ሰማዩ ባለበት ቦታ ሁሉ እየዞሩ ይታያሉ። የሰው እጅ ነው እኮ። ያን ስነካ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጨረቃዋ ያለችበት ቦታ ግን ምንም የለም፣ ባዶ ወረቀት ነው። ጨረቃዋ ቀለም አይደለችም ማለት ነው፤ ዙሪያዋን ሲያትሙ የተዋት ወረቀቱ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳያት አላስተዋልኩም ነበር።

ታዲያ አሁን ይሄ ኦሪጅናል ነው ወይስ አይደለም?


ባረን፦

ስድስት ሚሊዋ ከሆነችማ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ሃሱይ በሕይወት እያለ፣ በራሱ አሳታሚ የታተመ ነው ማለት ነው። የ1930 ህትመት አይደለም፣ ሻጩም «ንድፉ የ1930 ነው» ብሎ መጻፍ ነበረበት። የከፈልሽው የቅድመ ጦርነት ዋጋ ከሆነ ተመልሰሽ የመጠየቅ መብት አለሽ፣ ፎቶውንና ልኩን ላኪለት። «ተበልተሻል» ያለሽ ሰው ግን አበዛው።

እኔ እንዲህ ነው የምደረድረው። አንደኛ የመጀመሪያው ዙር ህትመት። ሁለተኛ ሰዓሊው በሕይወት ሳለ የታተመ፣ ያንቺ እዚህ ነው። ሦስተኛ ሰዓሊው ከሞተ በኋላ በዚያው አሳታሚ ቤት የታተመ፤ የዋታናቤ ቤተሰብ ሱቅ ዛሬም ጊንዛ ውስጥ አለ፣ ህትመትም ይሸጣል። ከዚያ ሌላ ሰው አዲስ ሰሌዳ ጠርቦ ያተመው ይመጣል። ለሆኩሳይና ለሂሮሺጌ ይሄ ብዙ አለ፤ ቶኪዮ ያለው አዳቺ የሚባለው ተቋም እስከ ዛሬ በእጅ እየጠረበ ያትማል፣ ሥራውም በጣም ንጹሕ ነው። በድጋሚ የተጠረበ መሆኑን እስከተናገሩ ድረስ ምንም ነውር የለውም። በመጨረሻ የማሽን ኮፒ። እሱ ፖስተር ነው።


ጥድ ሥር፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ወንድሜ ባረን ሁሉንም በአንድ መሰላል ላይ ደርድሮ ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው አንድ እርምጃ ብቻ የራቀ አስመሰለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከጦርነቱ በፊት የታተመውን የሃሱይን «ሺባ ዞጆጂ» አይቻለሁ፤ ያ ቀይ የቤተ መቅደስ በር፣ በንፋስና በበረዶ ውስጥ ጃንጥላ ይዛ የምትታገለው ሴት። ቀዩ ከወረቀቱ ውስጥ ነው የሚመጣው። በኋላ በታተመው ቀዩ ከላይ የተቀባ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ አምስት ከመግዛት ጠብቆ አንድ መግዛት።

እንደዚያ ለመግዛት ደግሞ ሰዓሊው ዮሺዳ ሂሮሺ (1876–1950) ለጀማሪ ይቀላል፣ ምክንያቱም የትኛውን ራሱ እንዳሳተመ ራሱ ነው የነገረን። ዮሺዳ አሳታሚ መጠበቅ ትቶ በ1925 የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ፣ ጠራቢና አታሚ ቀጠረ፣ ራሱም መጥረብ ተማረ። እሱ ቆሞ ያሳተማቸው ህትመቶች ግራ ህዳግ ላይ «ጂዙሪ» የሚል ማኅተም አላቸው፣ «ራሴ ያተምኩት» ማለት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ በቤተሰቡ የታተሙት ይህ ማኅተም የላቸውም፣ የእርሳስ ፊርማ የሚመስለውም ፊርማ የታተመ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ እውነተኛ እርሳስ ያብረቀርቃል፣ ወረቀቱንም ትንሽ ይጫናል። ያለ ጥርጣሬ መተኛት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው።

የሱን የ1926 የጀልባ ሥዕሎች ያላየ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይፈልጋቸው። ያው የሴቶ ባሕር፣ ያው ጀልባዎች፣ ያው ሰሌዳ፣ ቀለሙን ብቻ እየቀየረ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ጭጋግ፣ ማታ ያደርገዋል። አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብለሽ ቀኑ ሲያልፍ እንደማየት ነው። ሰማዩን ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ምንም እያሳሱ የሚወስዱበት ዘዴ «ቦካሺ» ይባላል፤ አታሚው እያንዳንዱን ቅጠል ሲያትም በእጁ፣ በብሩሽና በውሃ ነው የሚሠራው፣ ሰሌዳው ላይ የተጠረበ ነገር የለም። ለዚህ ነው ሁለት ቅጠል አንድ ዓይነት የማይሆነው፤ እኔም ስለ ጊዜው የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው። ሰሌዳው ያው ቢሆን እንኳ የአታሚው እጅ ከተለወጠ ሰማዩ ይለወጣል።


ሰማያዊ ቀለም፦

ጥድ ሥር፣ ስለ ቦካሺ ያልከውን እቀበላለሁ፤ «ጠብቆ አንድ መግዛት» የሚለውን ግን ለጀማሪ አልመክርም። ዓይን የሚሠለጥነው ቤት ባለ ነገር ነው። እኔ በጥቂት መቶ ዶላር የገዛሁት በኋላ የታተመ አንድ ህትመት ከመጻሕፍት ሁሉ በላይ አስተምሮኛል፣ በየቀኑ ስለማየው። በሺዎች የሚከፈልበትን ስትጠብቅ ምንም ሳትነካ አምስት ዓመት ልታሳልፍ ትችላለህ።

ላለመሳሳትም ሙዚየሞቹ አሉ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን፣ የብሪታንያ ሙዚየም፣ የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የአንዱን ሥዕል ብዙ ቅጠሎች ፎቶ በነጻ አስቀምጠዋል። ሁለቱን ከፍተሽ ጎን ለጎን አድርጊና የሚለየውን ፈልጊ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ በየሳምንቱ ግን አድርጊው።

ሂሮሺጌ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ሌላ ደስታ አለ። በዚያ ዘመን ለገበያ የሚወጣ ህትመት የሳንሱር ማኅተም ነበረበት፤ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ማኅተሙ ዓመቱን በእንስሳ፣ ወሩንም በቁጥር ያሳያል። ስለዚህ የ«መቶ ዝነኛ የኤዶ እይታዎችን» ሥዕሎች የወጡበትን ወር ሳይቀር ታውቂዋለሽ።


ጓዳ ጠባቂ፦

ሁላችሁም ስለ መግዛት ስትነጋገሩ የመስኮቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰም! የዝናብ ልጅ፣ እባክሽ መስኮት ፊት ለፊት አትስቀይው።

እነዚህ ቀለሞች ለብርሃን በጣም ስስ ናቸው፣ የወየበ ደግሞ አይመለስም። ከዘመን ዘመን ይለያያል። ሆኩሳይና ሂሮሺጌ የተጠቀሙበት ከውጭ የመጣው የፕሩሺያ ሰማያዊ ጠንካራ ነው፣ የባሕሩና የሰማዩ ሰማያዊ እስከ ዛሬ የቆየው በሱ ነው። ከአበባ የሚወጣው ሰማያዊ፣ ከሱፍ ተክል አበባ የሚወጣው ቀይ፣ ከሁለቱ የሚደባለቀው ሐምራዊ ግን ቶሎ ይሄዳሉ። የአክስቴ ቤት መስኮት አጠገብ ሰባት ዓመት የተሰቀለ ህትመት ነበር። ከክፈፉ ስናወጣው በካርቶኑ የተሸፈነው ጠርዝ ሐምራዊ ነው፣ መሃሉ ሁሉ አመድማ። ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ይመስሉ ነበር። የሃሱይ ቀለሞች ከድሮዎቹ ይሻላሉ፣ ሆኖም እነሱም ይወይባሉ፣ ወረቀቱም ይቃጠላል።

ቶኪዮ ሃራጁኩ ያለው የኦታ መታሰቢያ የኡኪዮ ኤ (የኤዶ ዘመን ህትመትና ሥዕል) ሙዚየም እንኳ ህትመቶቹን እያፈራረቀ ነው የሚያሳየው። ሙዚየሞች ብዙውን ጊዜ ብርሃኑን 50 ሉክስ አካባቢ ያደርጉታል፣ ገብቶ ያየ ሰው «ለምን አጨለሙት» ይላል። አንቺም እንደዚያው አድርጊ፦ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት፣ ከጥቂት ወር በኋላ አውርዶ ማሳረፍ። መስታወቱ ህትመቱን መንካት የለበትም፣ በመካከል ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ይግባ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይሆንም፤ እርጥበት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣበታል።

አሁን ያስፈራኝ ፕላስተሩ ነው። ራስሽ እንዳትላጪው! ዋሺ ቃጫው ረጅም ነው፣ ሲላጥ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ይነሳል። የወረቀት ጥገና ባለሙያ ጋር ውሰጂው። ባለሙያው በኋላ መልሶ የሚያያይዘው በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ እሱ በውሃ ብቻ ስለሚለቅ ህትመቱን አይጎዳውም። ደግሞ ማንም «ህዳጉን ቆርጠን በክፈፉ ልክ እናድርገው» ቢልሽ እጁን ያዢው። ህዳግ የተቆረጠ ህትመት ዋጋው ይወርዳል፣ ማኅተም ካለበት ደግሞ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።


ጥድ ሥር፦

ሰማያዊ ቀለም፣ የመጀመሪያዬን ሳስታውስ እውነትህን ነው፣ እኔም የጀመርኩት በድጋሚ በተጠረበ ሂሮሺጌ ነው፤ እስከ ዛሬም አልሸጥኩትም። «ዓይን ቤት ባለ ነገር ይሠለጥናል» የሚለውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን ሲገዙ ግን ይጠብቁ።

የዝናብ ልጅ፣ ማታን ከወደድሽ የኮባያሺ ኪዮቺካን (1847–1915) ሥራዎች ፈልጊ። ከ1876 እስከ 1881 የሠራቸው የቶኪዮ እይታዎች፣ የጋዝ መብራት፣ የባቡር መስኮት፣ ውሃ ላይ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን። ያንቺ ቢጫ መስኮት አያቱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።


የዝናብ ልጅ፦

ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ ልኩንና ፎቶውን ላክሁ። መጀመሪያ ተከራከረ፣ በኋላ ከዋጋው ከፊሉን መለሰልኝ። ህትመቱን ልመልሰው እንደምችልም ነገረኝ። አልመለስኩትም።

ፕላስተሩን አልነካሁም፣ የወረቀት ባለሙያ ቀጠሮ ይዤያለሁ። እስከዚያ መስኮት የሌለበት ኮሪደር ጠረጴዛ ላይ በጥላ አስቀምጬዋለሁ። ትናንት ማታ ከጎን በኩል ብርሃን አበራሁበትና ሰማያዊ ቀለም እንዳለው ሰማዩ ውስጥ የእንጨቱን ደም ሥር አየሁ፤ ከጥዶቹ ጫፍ ተነስቶ ጨረቃዋን አልፎ ይሄዳል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው መስኮቷን ነው፣ «ማነው ያልተኛው?» አለኝ።

ኪዮቺካን ማየት ጀምሬያለሁ። የጀርባ ፎቶ የላከልኝ ሻጭ አለ፣ ነገ እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ እባካችሁ እዩልኝ።